«ለቦርጭ ምን ልጠጣ?» ለምትሉኝ ሁሉ

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች መካከል አንዱ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ በየቀኑ ይመጣል። «ዶክተር፣ ለቦርጭ ምን ልጠጣ?» ዝንጅብል በሎሚ ይሻላል? ፌጦ በባዶ ሆድ? በቴሌግራም የሚሸጠው የማቅጠኛ ሻይስ ይሠራል? ልብ ብላችሁ ከሆነ ጥያቄው ሁልጊዜ ስለሚጨመር ነገር ነው። «ምን መጠጣት ላቁም?» ብሎ የጠየቀኝን ሰው በጣቶቼ መቁጠር እችላለሁ። የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አንድ ታካሚዬን ላንሳ። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። ከአዳማ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ዕድሜው አርባዎቹ ውስጥ። እጁና እግሩ ቀጭን፣ ፊቱም ያልወፈረ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 74 ኪሎ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70። «ክብደቴማ ደህና ነው ዶክተር፣ ይቺ ሆዴ ብቻ ናት ያስቸገረችኝ። የምትጠጣ ነገር ካለች ጻፍልኝ» አለኝ። ወገቡን ለካሁት፦ 101 ሴንቲ ሜትር። ደም ግፊቱ ከፍ ብሏል። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ የተለካው የደም ስኳሩ 168 ሆኖ ተገኘ፤ ደግመን ስንለካውም ያው ነው። ከ126 በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው እንላለን። ውሃ ጥሙን የአዋሽና የሚሌ ሙቀት ነው ብሎ ነበር። ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለቱን ደግሞ «ብዙ ስለምጠጣ ነው» ብሎ አልፎታል። የሚጠጣው ግን ውሃ አልነበረም። መንገድ ላይ በቀን አራት አምስት ለስላሳ ነበር።

ይህ ሰው ራሱን «ወፍራም» ብሎ አያውቅም፤ ጎረቤቶቹም አይሉትም። እኔን የሚያሳስበኝ እንደ እሱ ያለው ነው። ከቆዳ ሥር፣ ጭንና ዳሌ ላይ የሚቀመጥ ስብ አለ፤ እሱ ያን ያህል ተንኮለኛ አይደለም። በአንጀት መካከል፣ በጉበትና በቆሽት ዙሪያ የሚጠራቀመው የውስጥ ስብ ግን ሌላ ነው። ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል፣ ጉበት ውስጥ ይገባል (በተለምዶ ፋቲ ሊቨር የምንለው)፣ ደም ግፊትን ይጨምራል፣ መጥፎውን ቅባት ከፍ ያደርጋል። እጅና እግራቸው ቀጭን፣ ሆዳቸው ግን ወጣ ያለ ሰዎች ሚዛን ላይ «ደህና» ተብለው ያልፋሉ። በአገራችን ብዙ የስኳር ታካሚ የሚገኘውም ክብደታቸው ብዙም ካልጨመረ ሰዎች መካከል ነው።

ስለዚህ ሚዛኑን ለጊዜው ተዉትና ሲባጎ ፈልጉ። ቀላል ነው። በቁመታችሁ ልክ ሲባጎ ቁረጡ፣ ለሁለት እጠፉት፣ ከዚያ በእምብርታችሁ አካባቢ ወገባችሁን ዙሩበት። ልብስ ላይ አይደለም፣ ቆዳ ላይ። ትንፋሽ አውጡ እንጂ ሆዳችሁን ወደ ውስጥ አትሳቡ (ሁላችንም እንስባለን፣ እኔንም ጨምሮ)። የታጠፈው ሲባጎ ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል ማለት ነው። ሜትር ያላችሁ ደግሞ ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ መጠንቀቅ አለባችሁ። ነፍሰ ጡሮችን አይመለከትም። የሲባጎው መለኪያ ከ5 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆችም ይሠራል።

ይህ የሀብታሞች ጉዳይ ይመስላችኋል? በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች (ከ15 እስከ 49 ዓመት) ከመቶ 3 ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት 8 ሆኑ። በገጠር 4፣ በከተማ ግን 21። ከአምስት የከተማ ሴቶች አንዷ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከተሜነት ነው። አዳማ ደግሞ ከተሜነት በሙሉ ትርጉሙ የገባባት ከተማ ናት።

አሁን ወደ «ምን ላቁም» እንምጣ። እኔ ከእንጀራ አልጀምርም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንጀራን ይከሳል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን ተርቦ ይመለሳል። እኔ የምጀምረው ከጠርሙሱ ነው።

የእኛ አካባቢ ሞቃት ነው፣ ሰው ይጠማዋል። የስኳር አገርም ነን፤ ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ፣ መተሐራም ተከተለ። ከወንጂ ስኳር ይሠራ የነበረውን ደስታ ከረሜላ እየላስን ያደግን ሰዎች ስኳርን እንደ ቤተሰብ ነው የምናየው። እንግዳ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚላከው ልጅ ለስላሳ ሊገዛ ነው የሚላከው፤ ውሃ ማቅረብ እንደ ንፉግነት ይቆጠራል። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ግን ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ ሰባት ስምንት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን 25ቱን ታልፋለች።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በቀን ሁለት ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ወደ 250 ካሎሪ ያገኛል። በወር 7,500 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ የሚይዘው ጉልበት ደግሞ 7,700 ካሎሪ አካባቢ ነው። ሰውነታችን እንደ ካልኩሌተር በትክክል አይሠራም፣ ይሁንና አቅጣጫው ይገባችኋል። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፦ በፈሳሽ መልክ የገባ ስኳር አያጠግብም። ሁለት ለስላሳ የጠጣ ሰው እራቱን አይቀንስም።

«እኔ ለስላሳ አልጠጣም፣ ጁስ ነው የምጠጣው» የሚሉኝ አሉ። አዳማ ውስጥ በትልቅ ብርጭቆ የሚቀርበው ስፕሪስ ቆንጆ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ማንጎውና ፓፓያው በማንኪያ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ በግማሹ ትጠግቡ ነበር፤ በላዩ ላይ ስኳርና ቪምቶ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ቡናም አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር፤ አንድ ላይ ስድስት። ቡናው ራሱ ምንም አላጠፋም።

ቢራ? አንድ ጠርሙስ ወደ 140 ካሎሪ አለው። አራት ቢራ ከአንድ ደህና እራት ጋር እኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጥብስ ይታዘዛል። አልኮል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ ስለሆነ ስብ የማቃጠሉ ሥራ ወረፋ ይጠብቃል። ጫት የሚቅሙ ታካሚዎቼ «ጫት ያከሳል» ይሉኛል። የምግብ ፍላጎት መዝጋቱ እውነት ነው። ግን ጫቱ በምን ተቃመ? በለስላሳና በለውዝ። ማታ በምን ተሰበረ? በጨብሲ። እንቅልፍ መቼ መጣ? ሌሊቱ ተጋምሶ። እንቅልፍ ያነሰው ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል። እንዲህ እያደረገ ቀጭን እግር ላይ ትልቅ ሆድ የተሸከመ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ።

ስለ ውሃ አንድ ነገር። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆቻችን ጥርስ የሚበልዘው ለዚህ ነው። ሰው ውሃውን ቢፈራ አይገርመኝም፤ ማፍላትም ፍሎራይድን አያወጣም። መፍትሔው ግን የተጣራ የቧንቧ ወይም የታሸገ ውሃ ነው። ለልጅ በውሃ ፋንታ ለስላሳ መስጠት ጥርሱን ከአንዱ አድኖ ለሌላው መስጠት ነው።

አዳማ የስብሰባና የስልጠና ከተማ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በፈጣኑ መንገድ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ስለሆነች ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ለአምስት ቀን ይመጣል። ጠዋት 4 ሰዓት ሻይ ቡና፦ ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ኬክ። ምሳ ቡፌ፦ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ላዛኛ፣ እንጀራ፣ ሁሉም በአንድ ሰሃን ላይ፣ ጎን ለጎን ለስላሳ። 10 ሰዓት እንደገና ሻይ። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፤ ማታ ደግሞ ሥጋ ቤት። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ታካሚዬ «ዶክተር፣ ይሄ ቦርጭ የስልጠና ነው» ብሎ አስቆኛል፤ እውነቱን ነው። የጤና ባለሙያዎች ስልጠናም ከዚህ የተለየ አይደለም፣ ስለ ስኳር በሽታ እየተማርን ኬክ የበላንበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያነቡ የስልጠና አዘጋጆችና የሆቴል ባለቤቶች ካሉ እለምናለሁ፦ ለሻይ ሰዓት ቆሎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ውሃ አቅርቡ። ከኬክ አይወደድም። ለስላሳውን የፈለገ ይዘዝ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ አይጠብቀው።

ወደ ምግቡ ስመጣ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ፓፓያው ከመቂና ከባቱ በአይሱዙ ተጭኖ በደጃችን አልፎ አዲስ አበባ ይሄዳል። ዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ አለው። እኛ ግን ፍርፍር በዳቦ፣ ፓስታ በእንጀራ፣ ድንች ወጥ በእንጀራ እንበላለን፤ ስታርች በስታርች ላይ። አሳውንም ስናገኝ ዘይት ውስጥ ነክረን እንጠብሰዋለን። አሳ ወጥ፣ ጉላሽ፣ ሾርባ ቢሆን እኮ ከሥጋ ሁሉ የተሻለ ለሆድ የሚስማማ ምግብ ነው።

ለታካሚዎቼ የምላቸው ይህን ነው። እንጀራ አትተዉ፤ ግን ከጋራ ትሪ ስትበሉ ስንት እንደበላችሁ አታውቁምና ድርሻችሁን ጠቅልላችሁ አስቀድማችሁ ለዩ። ስታልቅ አለቀች። ጉርሻው ከቁጥሩ ውስጥ ነው! ከትሪው ግማሹን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ ይሙላው፤ ከዚያ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ። ፕሮቲን ያለው ሰሃን ያጠግባል። ዘይት በጠርሙስ አታፍሱ፣ በማንኪያ ለኩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ የወይራም ይሁን የሱፍ። ቀበሌያችን ውስጥ ዘይት ተወዶ ሰው ሲያማርር ሰማሁ፤ ኑሮው ያማል፣ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት መቀነሱ ግን ለሆዳችን ክፉ አይደለም።

«እኔ እጾማለሁ፣ ለምን ቦርጭ ይኖረኛል?» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ጾም ከሥጋና ከቅቤ ያርቃል፣ ከዘይትና ከስኳር ግን አያርቅም። እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሰው ከዚያ በኋላ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ከወሰደ ሰዓቱን ብቻ ነው ያዛወረው። በረመዳንም ማፍጠሪያው ላይ እንዲሁ ነው፤ ቴምሩና ሾርባው መልካም፣ ሁለት ሰሃን ሳምቡሳው ግን ይታሰብበት። ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ሽምብራ ያለበት ጾም ደግሞ በዓለም ላይ ከታወቁ ጤናማ አመጋገቦች ጋር ሊወዳደር የሚችል ነው።

ሲት አፕ የሚሠሩ ወጣቶች ቅር እንዳይላችሁ፦ የሆድ ስፖርት የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ የሆድ ስብን ለይቶ አያቃጥልም። ሰውነት ስብ የሚወስደው ከራሱ መጋዘን በራሱ ቅደም ተከተል ነው። ደስ የሚለው ግን የውስጥ ስብ ክብደት ሲቀንስ ከቀዳሚዎቹ መካከል መሆኑ ነው። ስለዚህ መራመድ ይበቃል፣ ፈጠን ብሎ፣ ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን በማትችሉበት ፍጥነት። በሳምንት 150 ደቂቃ። በአዳማ ፀሐይ ቀትር ላይ አይሞከርም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ወይም ማታ ከ11 በኋላ። ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ስለሚመጣ መራመድ ረስተናል፤ የአሥር ደቂቃ መንገድ ሄዳችሁ ቀሪውን ተሳፈሩ። ሾፌሮችና ሱቅ የምትውሉ፣ በየሰዓቱ ተነሡ።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር መስሎ ከታያችሁ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ወደ ስኳር በሽታ እየተጠጉ ያሉ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን ወሰደ። አንዱ ቡድን ክብደቱን 7 በመቶ ያህል እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ፤ ሌላው ሜትፎርሚን ክኒን ወሰደ። ክኒኑ ስኳር በሽታ የመያዝን ዕድል በ31 በመቶ ቀነሰ። አመጋገቡና እርምጃው በ58 በመቶ። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 7 በመቶ ማለት ከ6 ኪሎ ያነሰ ነው። በወር 10 ኪሎ የሚል ማስታወቂያ አያሳስታችሁ።

ስለዚያ ማስታወቂያ። አብዛኛው የማቅጠኛ ሻይ ሰናና መሰል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት፤ የሚወጣው ውሃና ፖታሲየም ነው፣ ስቡ እዚያው ነው። ከዚህ የከፋም አለ። በልብና በደም ቧንቧ ላይ በሚያመጣው ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣው ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ግፊት ያለበት ሰው ይህን ቢጠጣ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ወላጆች ሆይ፣ ስለ ልጆች። «ልጄ ወፍራም ነው፣ ይመስገን» የሚለው አነጋገር ረሃብ ካየ ትውልድ የመጣ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ምሳ ዕቃው ውስጥ ብስኩት፣ ችፕስና ለስላሳ ያለበት ልጅ ሆዱ እየወጣ ከሆነ ዳይት አታስይዙት፣ አታስርቡት፣ «ዱባ» እያላችሁም አታሸማቅቁት። ልጅ ያድጋል፤ ጠርሙሱን ከቤት አስወጡ፣ አስጫውቱት፣ ቁመቱ ክብደቱን ይደርስበታል። ለአራስ እናቶች ደግሞ ገንፎና አጥሚት ደግ ነው፣ ቅቤውና ስኳሩ ግን ልክ ይኑረው፤ ሆድን በነጠላ አጥብቆ ማሰር ስብ አያጠፋም። ከወለዳችሁ ወራት አልፎ ስትነሡ እምብርት መሃል ላይ እንደ ጉብታ የሚወጣ ነገር ካለ ጡንቻው ተለያይቶ ሊሆን ይችላልና ታዩት።

ሁሉም ትልቅ ሆድ ቦርጭ አይደለም፤ ይህን በተለይ ለእኛ አካባቢ ሰው መናገር አለብኝ። ብልሃርዚያ በወንጂና በመተሐራ የመስኖ እርሻዎች እንዲሁም በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ የታወቀ በሽታ ነው። ሳይታከም ለዓመታት ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያበጠ ሆድ፣ ሰውነት እየከሳ የሚያድግ ሆድ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የእግር ማበጥ፣ ደም የቀላቀለ ወይም ጥቁር ሰገራ ካለ የማቅጠኛ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሴቶች፣ የታችኛው ሆዳችሁ ጠንክሮ ካደገ የማህፀን ወይም የእንቁላል እጢ ሊሆን ይችላልና አልትራሳውንድ ተነሡ። እጅና እግሩ ቀጥኖ ሆዱ የተነፋ ሕፃንም ምርመራ ይፈልጋል።

ያ ሾፌር ከአምስት ወር በኋላ መጣ። ለስላሳውን ትቶ መኪናው ውስጥ ውሃ ይይዛል፣ ማታ ሲያቆም በመኪናው ዙሪያ ግማሽ ሰዓት ይራመዳል (ረዳቱ እንደሚስቅበት ነገረኝ)። ወገቡ 94 ሆኗል፣ ክብደቱ 69። ስኳሩ ወርዷል፤ መድኃኒቱን ግን አላቆምንም፣ ግፊቱም ገና ክትትል ይፈልጋል። ሲባጎው ኪሱ ውስጥ ነበር። ጫፎቹ ገና አልተገናኙም።

የስኳር መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፣ ምግባችሁን ከመቀነሳችሁ ወይም ጾም ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ፤ መጠኑ ሳይስተካከል ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈና ሲባጎው ካልደረሰ ግፊትና የጾም ስኳር ተለኩ። ለምርመራው ከማታ ጀምሮ ስምንት ሰዓት ያህል ምግብ ሳትቀምሱ ኑ፤ ውሃ መጠጣት ይቻላል።